ዝናብ ሲቀር የሚራበው ማን ነው? ምሥራቅ አማራ በ2007 እና በ2008

በ2007 ዓ.ም የበልግ ዝናብ ቀረ። ገበሬው ዓይኑን ወደ ክረምቱ አዞረ። ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፣ ሲገባም እየቆራረጠ ዘነበ፣ ቶሎም ወጣ። ብዙ ሰው ኤልኒኖ የሚለውን ስም በሬዲዮ ደጋግሞ የሰማው ያኔ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚከሰት ነገር ነው፤ የእኛን የሰሜንና የምሥራቅ ዝናብ ያዛባል።

የተረጂው ቁጥር አወጣጥ ያስደነግጣል። በጥር 2007 የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው በአገር ደረጃ 2.9 ሚሊዮን ነበር። በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን ሆነ። በጥቅምት 2008 ወደ 8.2 ሚሊዮን አሻቀበ። በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ተባለ። ይህ እንግዲህ በሴፍቲኔት፣ ማለትም በየዓመቱ እህል ለሚጎድለው የገጠር ቤት በሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ፣ የታቀፈውን ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሳይጨምር ነው። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱን ከመቻል ወደ እርዳታ ፈላጊነት ወረደ።

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን አልደኸየም። ዝናቡ ለአንድ ቀበሌ ሁሉ ቀርቶ ሳለ አንዱ ቤት ጦሙን ሲያድር ጎረቤቱ ይበላ ነበር። ይህን ለመረዳት የአማራ ክልልን መርጫለሁ፣ በተለይ ምሥራቁን፤ ዋግ ኽምራን፣ ሰሜን ወሎንና ደቡብ ወሎን። የምለው አንድ ነገር ነው። ማን እንደሚራብ የሚወሰነው ዝናቡ ከመቅረቱ ከዓመታት በፊት ነው፤ በመሬቱ ስፋት፣ በበሬው፣ በቤቱ ጉልበት፣ በሚያርሰው ወቅት፣ በመንገዱ። ድርቁ ያንን አደባባይ ያወጣዋል።

አንድ ክልል፣ ሁለት ዓይነት ዓመት

የአማራ ክልልን በአማካይ ያየው ሰው ችግሩን አያየውም። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ከሜጫ እስከ ቡሬ በቆሎው ይገርማል። በዚያ ዓመትም ምዕራቡ የምሥራቁን ያህል አልተጎዳም። ስለዚህ "ክልሉ ትርፍ አምራች ነው" የሚል ሪፖርትና "ክልሉ እርዳታ ይፈልጋል" የሚል ሪፖርት በአንድ ወር ሊጻፉ ይችላሉ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። የጎጃም እህል በራሱ ጊዜ ተነስቶ የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ አይደርስም። እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው።

ምሥራቁ ሌላ አገር ነው። መሬቱ ገደላገደል ነው፣ አፈሩ ለዘመናት ታጥቧል። ከአራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይወጣል ብንል፣ በወሎ ደጋ ሁለት ጥማድ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ብርቅ አይደለም። በተከዜ ተፋሰስ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሳህላ በኩል ደግሞ ኑሮው ማሽላና ፍየል ነው። ዝናቡ በደህናው ዓመት እንኳ አጭር ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ ነሐሴ ሲያልቅ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ የወቅቱ ትልቅ ድርሻ ሄደ ማለት ነው። ጎጃም ላይ ሁለት ሳምንት መዘግየት ያናድዳል እንጂ ጎተራ ባዶ አያደርግም።

በልግን የማያውቅ ዕቅድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የ2007 ችግር የተጀመረው በልግ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያውም በጊዜ ያልተሰማው እዚሁ ላይ ነው።

በአገር ደረጃ ከጠቅላላው የእህል ምርት የበልግ ድርሻ ከአሥር አንዱን እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ቁጥር ያየ ሰው በልግ ቢቀር ብዙም አይደነግጥም። ግዳን፣ ደላንታ ወይም ለጋምቦ ደጋ ላይ ያለ ገበሬ ግን ዓመቱን የሚቆጥረው በበልግ ነው። ቦታው በጣም ከፍ ያለ ነው። በክረምት ይበርዳል፣ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ዘግይቶ የደረሰውን ሰብል ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ገብሱን በየካቲት አካባቢ ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ ያጭዳል። ሌላው አገር ጎተራው ተሟጦ ክረምቱን በጭንቅ በሚገፋበት ጊዜ የበልግ ገበሬ አዲስ እህል አለው።

በልግ ሲቀር ይህ ይገለበጣል። ያለፈው ዓመት ገብስ በየካቲትና በመጋቢት አልቋል፣ አዲሱ አልመጣም፣ የሚቀጥለው ምርት የሚጠበቀው ገና ከዓመት በኋላ ነው። በዝናብ መዝገብ ላይ የቀረው አንድ ወቅት ነው። በዚያ ገበሬ ቤት ግን የቀረው ሙሉ ዓመት ነው።

የበልግ መቅረት በልግ በማያርሱት ላይም ይደርሳል። ወደ ራያ ቆቦ ሜዳ እንውረድ። እዚያ ዋናው ሰብል ማሽላ ነው። ጥሩው ማሽላ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በሚያዝያ በበልጉ እርጥበት ይዘራል፣ በኅዳር ይደርሳል። በልግ ከቀረ መሬቱ ይደርቃል፣ ገበሬው ማሽላውን ይተውና ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራል። ጤፉ ከአንድ ጥማድ የሚሰጠው ከማሽላው ያነሰ ነው። አገዳውም የለም፤ አገዳው ደግሞ የከብቱ መኖ ነው፣ የቤቱም ማገዶ ነው። ከዚህ ሌላ በልግ ሣር ያበቅላል። ሣር ያላገኘ በሬ በሰኔ ቀንበር ሲሸከም ይወድቃል። ስለዚህ ክረምቱ ቢሰምር እንኳ እርሻው ይዘገያል።

በ2007 ክረምቱም አልሰመረም። ሁለቱ ተደራረቡ። በጥር 2.9 ሚሊዮን የነበረው ቁጥር በነሐሴ ወደ 4.5 ሚሊዮን የወጣው በልጉ መቅረቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝላይ የክረምቱ ነው። እኔ እንደማስበው በግንቦት 2007 ዋናው ጥያቄ "ክረምቱ እንዴት ይሆናል?" መሆን አልነበረበትም። የበልግ ወረዳዎች በግንቦት ዓመታቸው አልቆ ነበር።

ሁለት ቤት

አሁን ከወረዳ ወደ ጓዳ እንግባ። ሁለት ቤት እናስብ። ምሳሌ ናቸው። መስፈሪያው ግን ሴፍቲኔቱ የሚጠቀምበት ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል። አምስት ሰው ላለበት ቤት በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት 9 ኩንታል ይሆናል።

ቤት ሀ ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ሁለት ጥማድ መሬት፣ አንድ በሬና ጥቂት በጎች አሉት። በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ በመቀናጆ ያርሳል። በደህና ዓመት 6 ኩንታል ያገኛል እንበል። ለዘር ሳይቀነስ ስምንት ወር ይበላዋል። የቀረውን አራት ወር በበግ፣ በእንቁላልና በቀን ሥራ ይሸፍነዋል።

ቤት ለ ባሏ የሞተባት እናትና አራት ልጆች ናቸው። መሬቱ ያው ሁለት ጥማድ ነው፣ አፈሩም ያው። በሬ የለም። በልማድ ደግሞ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቱን በሬ ላለው ሰው በእኩል ትሰጣለች። 3 ኩንታል ይደርሳታል። አራት ወር ነው።

ተመሳሳይ መሬት፣ ተመሳሳይ ዝናብ፣ ደህና ዓመት። ልዩነቱ በሬና ጉልበት ነው። የምግብ ዋስትና ጥናቶች በሴት የሚመራ ቤት ለረሃብ ይበልጥ ይጋለጣል ሲሉ ብዙ ሰው ሴትየዋ ትንሽ ስለምትሠራ ይመስለዋል። የምትሠራውስ ከማንም ይበልጣል። የወሰደባት የእኩሉ ውል ነው፣ ግማሹ ገና ከአውድማው ይሄዳል።

አሁን ድርቁ መጣና ምርቱን በግማሽ ቀነሰው። ቤት ሀ 3 ኩንታል ያገኛል፣ አራት ወር። ቤት ለ 1 ኩንታል ከ50 ኪሎ ታገኛለች፣ ሁለት ወር።

እዚህ ላይ ሴፍቲኔት ይገባል። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። በአማራ ክልል ከ60 በላይ ወረዳዎችን ያዘ፣ አብዛኞቹ በምሥራቅ ናቸው። መመዘኛው በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ እህል የሚጎድለው፣ ይህም ለተከታታይ ሦስት ዓመት የሆነበት ቤት ነው። መራጩ ያካባቢው ሕዝብ በኮሚቴ ነው። የሚችል በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር በቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው ለስድስት ወር ነው።

ቤት ለ ተመዝግባለች እንበል። በስድስት ወር 4 ኩንታል ከ50 ኪሎ ታገኛለች። ከራሷ ጋር ሲደመር 6 ኩንታል፣ ስምንት ወር። ችግር ነው፣ ግን የሚገፋ ችግር ነው። ቤት ሀ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ምክንያቱም ትናንት "ደህና" ነበር። አራት ወር ብቻ አለው።

ስለዚህ ቤት ሀ መሸጥ ይጀምራል። መጀመሪያ በጎቹን። ችግሩ፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በዚያው ቅዳሜ ገበያ በግ ይዘው ወጥተዋል። በጉም ከስቷል። የበግ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። አንድ በግ አምና የገዛውን እህል ዘንድሮ ግማሹን እንኳ አይገዛም። በጎቹ ሲያልቁ በሬው ይወጣል።

በሬው በተሸጠ ጊዜ ቤት ሀ ቤት ለ ሆነ። ከርሞ ዝናቡ ቢሰምር እንኳ መሬቱን በእኩል ይሰጣል፣ ከሚገባው 6 ኩንታል ሦስቱን ብቻ ያገኛል። ብዙ ሰው ድርቅን የአንድ ዓመት ነገር አድርጎ ያስባል። ለእኔ የ2008 ትልቁ ጉዳት በ2009 እና በ2010 መታየት ያለበት ነው። በአገሩ ዝናብ ተመልሶ ሳለ የሴፍቲኔት ዝርዝር የማያጥረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። "ጥገኝነት" የሚለውን ክስ የሚወድ ሰው ይህን ሒሳብ አንዴ ተቀምጦ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

የፕሮግራሙ ራሱ ሁለት ድክመት አለ። አንደኛው የወሩ ነገር ነው። ክፍያው በልማድ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። በመኸር አካባቢ ግን ረሃቡ የሚጠነክረው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ፣ እሸት እስኪደርስ ነው። ሁለተኛው ጥሬ ገንዘቡ ነው። ሲጀመር ለአንድ ቀን ሥራ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፈል ነበር። በ2000 የእህል ዋጋ ሲንር 6 ብሩ 3 ኪሎውን መግዛት አቃተው። ሰው እህሉን ስጡኝ ማለት ጀመረ። ክፍያው ኋላ ላይ ተሻሻለ፣ ገበያው ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ይሮጣል። በብር የተከፈለ ሰው የዋጋውን አደጋ ብቻውን ይሸከማል።

ዝርዝር ላይ የሌሉ

በክልሉ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ክፍፍል የተደረገው በ1989 ዓ.ም ነው። ወሎ ውስጥ በብዙ ቦታ ከዚያም ቀድሞ አልቋል። በ2007 ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ መሬት የለውም። ብዙውን ጊዜ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ በአባቱ ግቢ ጥግ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። በመዝገብ ግን የአባቱ ቤተሰብ ነው። ግብር የሚከፍልበት መሬት ስለሌለው እንደ አባወራ አይቆጠርም። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መሬት ማጣቱ የሚያስርበው ነገር ራሱ ከዝርዝር ያስወጣዋል።

ይህ ወጣት ምን ያደርጋል? በመስከረምና በጥቅምት ወደ ሑመራና መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። ወይም በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ይሄዳል። ከወሎ፣ ከከሚሴና ከባቲ በኩል ዓረብ አገር ያልሄደበት ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዚያ የሚመጣው ገንዘብ ለቤቱ እንደ ሁለተኛ በሬ ነው።

ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን፣ አንዳንዶቹ የደላላ ዕዳ እንዳለባቸው ነው የተመለሱት። በልጉ የቀረው ከአንድ ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ቤተሰቡ የሚላክለትን ብር አጣ፣ አንድ የሚበላ አፍ ተጨመረለት፣ ከዚያ ዝናቡን አጣ። የአደጋ ስጋት ግምገማ ዝናብና ሰብል ሲለካ የሪያድን ውሳኔ አይለካም። ለወሎ ገጠር ግን የሪያድ ውሳኔ የአየር ጠባይ ያህል ነው።

የከተማው ሰውም ተረስቷል። ደሴ፣ ወልድያና ኮምቦልቻ ውስጥ በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ጥማድ የለውም፣ ሁሉንም ከገበያ ይገዛል። ገጠሩ ሲደርቅ እህል ይወደዳል፣ ከገጠር የወጣ ሰውም ለቀን ሥራው ይሻማዋል። ሁለቱም ጉንጮቹን በአንዴ ይመቱታል። በ2008 በከተማ ሴፍቲኔት አልነበረም። የከተማው ፕሮግራም ከዚያ በኋላ በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ሆነች።

ከ66 እና ከ77 ምን ተለየ?

በወሎ ሽማግሌ ፊት "ክፉ ቀን" ካልክ፣ የትኛውን እንደሆነ መለየት አለብህ። የ1966ቱ ረሃብ አለ፣ የ1977ቱ አለ።

ስለ 66ቱ ብዙ ያስተማረን ህንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። ያገኘው ነገር ዛሬም ይገርመኛል። ረሃቡ በበረታበት ወቅት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ሄዷል። ሕዝቡ እየሞተ እህል እንዴት ይወጣል? ምርት ያጣ ገበሬ ገንዘብም አጣ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ በገበያ ዋጋ ላይ አይታይም። ነጋዴው የሚገዛው ወዳለበት ወሰደው። ስለዚህ የእህል ዋጋን ብቻ እያዩ "ገበያው ተረጋግቷል" ማለት አደገኛ ነው። መታየት ያለበት በጉ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል የሚለው ነው። የንጉሡ መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ደበቀው።

በ77ቱ ላይ ጦርነት ተጨመረ። መንግሥት በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር በኮረም ሜዳ ሰው ይረግፍ ነበር። በመቶ ሺዎች ሞቱ።

በ2008 የዝናቡ ጉድለት ብዙ ቦታ ላይ ከ77ቱ የሚወዳደር ነበር። የ77ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ይህ በቂ ምስጋና ያላገኘ ነገር ይመስለኛል። በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ደመቀ መኮንን የሚመራ ኮሚቴ ነበር፤ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራሩን ምትኩ ካሣ ይመሩ ነበር። መንግሥት የውጭ ለጋሾችን ሳይጠብቅ ከራሱ በጀት ስንዴ ገዛ። የሴፍቲኔቱ መዝገብ፣ መጋዘንና ኮሚቴ ቀድሞ ስለነበረ እርዳታው ከዜሮ አልጀመረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናቱን ክንድ በሜትር እየለኩ የከሳውን ቶሎ ወደ ሕክምና ይልኩ ነበር። መንገዱም አለ። ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ወረታ የሚደርሰው፣ ሰዉ የቻይና መንገድ የሚለው፣ በ66 አልነበረም።

ያ ማለት ሁሉ ደህና ሄደ ማለት አይደለም። ለ2008 የተጠየቀው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ቀስ እያለ ነው የመጣው። በበልጉ ወራት ጅቡቲ ወደብ ላይ የስንዴ መርከብና የማዳበሪያ መርከብ ተራ ይጠብቁ ነበር። ማዳበሪያ ዘገየ ማለት የከርሞ ምርት ቀነሰ ማለት ነው፣ ስንዴ ዘገየ ማለት ዛሬ በሬ ተሸጠ ማለት ነው። አገሪቱ በአንድ ወደብ ላይ መንጠልጠሏ ራሱ የስጋት ምክንያት ነው። ከመኪና መንገድ የራቁት ቀበሌዎች ደግሞ የመጨረሻውን ጉዞ በአህያ ይጠብቃሉ፤ በድርቅ ዓመት አህያውም ከስቷል።

ጎተራ በሞላበት የቀነጨረ ልጅ

በዚያው በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንድ ነገር አሳየ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 ከመቶው መቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመት ማጠር፣ አለባቸው። በአማራ ክልል 46 ከመቶ ነው። በአዲስ አበባ 15። ይህ የአንድ ዓመት ድርቅ ውጤት አይደለም። መቀንጨር ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት በቀስታ የሚሠራ ነገር ነው። ቁጥሩም ከዋግና ከወሎ ብቻ አይመጣም፣ ምርታማው ምዕራብም አለበት።

ጎጃም ላይ እህል ካለ ልጁ ለምን ይቀነጭራል? ጤፉ ይሸጣል። ዕለታዊው ምግብ እንጀራና ሽሮ ነው፣ እንቁላሉ ለገበያ ነው። በጾም ወቅት ሕፃን እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ ግን ዕቃው ይነካካል ተብሎ ለልጁ ብቻ ወተትና እንቁላል የማይዘጋጅበት ቤት ብዙ ነው። ንጹሕ ውሃ ከሌለ ደግሞ ልጁ የበላውን ተቅማጥ ይወስደዋል። እናትየው ከማሳ ስትመለስ ለሕፃን ለብቻው የምታበስልበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ ለአንድ ክልል የምግብ ዋስትና በኩንታል ብቻ ሲለካ ምዕራቡ ጤነኛ ይመስላል።

መንግሥትም ይህን ያወቀ ይመስላል። በሐምሌ 2007፣ ክረምቱ መበላሸት በጀመረበት ወር፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ታወጀ። እስከ 2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎችን ያዘ። ውሃን፣ ግብርናን፣ ጤናንና ትምህርትን በአንድ ላይ ማሰቡን እወድለታለሁ።

ከዚያ በኋላ

ከ2013 ወዲህ በእነዚሁ ዞኖች ላይ ጦርነት ተጨመረ። ሰሜን ወሎ፣ ዋግና ደቡብ ወሎ የውጊያ ሜዳ ሆኑ። በሬ ታረደ፣ ጤና ጣቢያ ተዘረፈ። በሰኔ 2015 ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ተዘረፈ በሚል በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፣ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ክረምቱ ለዋግ ኽምራ ክፉ ነበር። ክልሉ ደግሞ ወደ ሌላ ግጭት ገብቷል፣ መንገድ ይዘጋ ነበር። በ2008 ሕይወት ያተረፉት ነገሮች፣ ማለትም መንገዱ፣ መዝገቡ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ አንድ በአንድ የተነኩት ናቸው።

ለወደፊቱ ብጠየቅ የምለው በወራት የታሰረ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ የበልግ ቡቃያ ያልታየባቸው ወረዳዎች ክረምቱ ሳይጠበቅ እርዳታ ይመደብላቸው። በየሳምንቱ የገበያ ቀን በግ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ ይመዝገብ፤ ምጣኔው ሲወርድ፣ በሬ ሳይሸጥ፣ ለቤት ሀ የሚሆን ድጋፍ ይለቀቅ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ እንኳ ቢሆን። በአባቱ ግቢ ጎጆ የቀለሰ ባለትዳር በራሱ ስም ይመዝገብ። የሴፍቲኔት ክፍያ በመኸር ወረዳዎች እስከ ነሐሴ ይዘርጋ።

ዋሽንግተን፣ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ ለወሎ ዘመድ ገንዘብ የምትልኩም አላችሁ። ብዙው ገንዘብ ለመስቀልና ለፋሲካ ይደርሳል። ክፉ ዓመት ከሆነ ግማሹን በሰኔ ላኩት። በዚያ ወር የደረሰ ብር በሬውን በበረት ያቆየዋል።